ከቆሽት ወደ አንጎል፦ የስኳር በሽታ መድኃኒት በፓርኪንሰን ሕመም ላይ የተፈተነበት ታሪክ

የፓርኪንሰን ሕመም እንቅስቃሴን የሚመራውን የአንጎል ክፍል ቀስ በቀስ የሚያዳክም፣ ዕድሜ ሲገፋ የሚበረታ፣ እስከ ዛሬም ግስጋሴውን የሚያቆም መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ነው። የስኳር በሽታ ደግሞ ቆሽት የተባለው የሰውነት ክፍል ኢንሱሊን የተሰኘውን ሆርሞን ማመንጨት ሲያቅተው፣ ወይም ሰውነት የመነጨውን ኢንሱሊን በአግባቡ መጠቀም ሲሳነው፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በላይ የሚያሻቅብበት ሕመም ነው። ሁለቱ በሽታዎች ለረጅም ዘመን በየፊናቸው ሲጠኑና ሲታከሙ ኖረዋል፤ በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም በማይርቀው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የስኳር ሕክምናና የነርቭ ሕክምና የተለያዩ የሙያ ዘርፎች ሆነው ቆይተዋል። ይሁንና ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ለስኳር ሕመምተኞች የተሠራ አንድ የመድኃኒት ዓይነት የአንጎል ሕዋሳትንም ከሞት ይታደግ ይሆናል የሚል ሐሳብ ተነሥቶ በቤተ ሙከራ፣ በኋላም በሰዎች ላይ ተፈትኗል። ከዚህ በታች የቀረበው የዚያ ተስፋ ታሪክ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በሽታው በሕክምና ጽሑፍ ላይ በግልጽ የሰፈረው በ1817 ሲሆን፣ ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ከስድስት ሰዎች በመነሣት፣ ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹን መንገድ ላይ ብቻ በማየት፣ እጃቸው ሥራ በፈታበት ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን፣ ወደ ፊት አጎንብሰው በአጫጭር እርምጃ የሚሮጡ ያህል የሚራመዱትን ሕሙማን ሁኔታ በአንዲት አነስተኛ መጽሐፍ ገለጸ። በዚያው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ለበሽታው የፓርኪንሰንን ስም ሰጠው። በ1912 ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሌዊ በሕሙማኑ የአንጎል ሕዋሳት ውስጥ የተከማቹ ክብ ቅርጽ ያላቸው ጥርቅሞችን አገኘ፤ በ1919 ደግሞ ኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ በፓሪስ ባቀረበው ጥናት ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ሰብስታንሺያ ናይግራ በተባለው፣ ከመካከለኛው አንጎል ባለው ጠቆር ያለ ክፍል ላይ መሆኑን አሳየ።

የሕክምናው መነሻ ግን ከዚያ በፊት፣ ማንም ለምን እንደሚጠቅም ሳያውቅ፣ ተገኝቶ ነበር። በ1913 ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት በስዊዘርላንድ ከባቄላ ተክል ሌቮዶፓ የተሰኘውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ባቄላ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከጥንት ጀምሮ የሚዘራ፣ አገሪቱም በዓለም በብዛት ከሚያመርቱት ተርታ የምትሰለፍበት እህል መሆኑ ይህን የታሪክ ክፍል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ያደርገዋል፤ ነገር ግን በእሸትና በቆባው ውስጥ ያለው የሌቮዶፓ መጠን ከማሳ ማሳ፣ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ ባቄላ መብላት በልኩ የተመጠነውን ክኒን ሊተካ አይችልም። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ራሱን የቻለ መልእክት አስተላላፊ መሆኑን አስረዳ፤ በ1960 ኦሌ ሆርኒኪዬቪች በቪየና በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ ዶፓሚን በእጅጉ እንደሚጎድላቸው አረጋገጠ። ሌቮዶፓ አንጎል ውስጥ ሲገባ ወደ ዶፓሚን ስለሚለወጥ በ1961 በቪየና ለሕሙማን መሰጠት ጀመረ፤ በ1967 ደግሞ ጆርጅ ኮትዚያስ በአሜሪካ መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረገ በአፍ በመስጠት፣ ከመኝታቸው መነሣት ያቃታቸው ሰዎች ተነሥተው እንዲሄዱ አስቻለ።

ሌቮዶፓ እስከ ዛሬ የፓርኪንሰን ዋነኛ መድኃኒት ነው። ሆኖም የጎደለውን ዶፓሚን ይተካል እንጂ ዶፓሚን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ከመሞት አያድናቸውም፤ ስለዚህ ዓመታት ሲያልፉ የአንዱ ክኒን ኃይል ቀጣዩ ከመወሰዱ በፊት ያልቃል፣ አንዳንዱ ሕመምተኛም ካለፈቃዱ በሚመጣ መወራጨት ይቸገራል። ምልክቱን የሚያስታግስ ሳይሆን በሽታውን ራሱን የሚያዘገይ መድኃኒት ፍለጋ የተጀመረው ከዚህ ክፍተት ነው።

የስኳር በሽታ ሕክምና በበኩሉ ሌላ መንገድ ተጉዟል። በ1921 ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በቶሮንቶ ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት አወጡ፤ በጥር 1922ም ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ። በኢትዮጵያ ዘመናዊው የስኳር በሽታ ጥናት ሥር የሰደደው ከ1970ዎቹ ወዲህ ሲሆን፣ ሐኪሟ ፍራንሲስ ሌስተር ከ1976 እስከ 1990 የተከታተሏቸውን ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ሁኔታ፣ የደረሰባቸውን ተጓዳኝ ጉዳትና የሞታቸውን ምክንያት በተከታታይ ጽሑፎች አቅርበዋል። የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር በ1984 ተመሠረተ፤ በ1990 ደግሞ ፕሮፌሰር ጀማል አብዱልቃድርና ባልደረቦቻቸው ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ በኢትዮጵያውያን ላይ የሚታይበትን ጠባይ ዳያቤቶሎጂያ በተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ አሳተሙ። እነዚህ ሥራዎች በሽታው የምዕራባውያን ብቻ ነው የሚለውን ግምት ያፈረሱ ናቸው።

የአንጎልና የነርቭ በሽታዎችን በተመለከተም መሠረቱ የተጣለው በዚሁ ዘመን ነው። በመጀመሪያ የሐረር መስፍን መታሰቢያ ሆስፒታል ተብሎ የተሠራውና ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ጥቁር አንበሳ የተባለው ሆስፒታል የሕክምና ፋኩልቲው ዋና ማስተማሪያ ሆነ፤ ከፋኩልቲው መምህራን መካከልም የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ቡታጅራ አካባቢ ወርደው ቤት ለቤት የተካሄደ ሰፊ ቆጠራ መሩ። በ1990 የታተመው ይህ ጥናት 60,820 ሰዎችን የሸፈነ ሲሆን፣ የሚጥል በሽታ ከ100,000 ሰው 520 ላይ ሲገኝ ፓርኪንሰን የተገኘው ከ100,000 ሰው በ7ቱ ላይ ብቻ ነበር፤ ይህም በተቆጠረው ሕዝብ መካከል አራት ሰው ያህል ማለት ነው። በአውሮፓ በተደረጉ ቆጠራዎች ቁጥሩ ከ100 በላይ ስለሚደርስ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የገጠሩ ሕዝብ አብዛኛው ወጣት መሆኑ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ መንቀጥቀጥንና መዝገምን የእርጅና ጠባይ አድርጎ መቁጠርም ሕሙማንን ከሐኪም ዓይን የሚሰውር ልማድ ነው። ያም ሆኖ የቡታጅራው ቆጠራ ፓርኪንሰን በኢትዮጵያ ገጠር መኖሩን በቁጥር ያረጋገጠ ሥራ ሆኖ ይቆያል።

በዚያው ጊዜ በሌላው የዓለም ክፍል ሁለቱን በሽታዎች የሚያገናኘው ክር እየተፈተለ ነበር። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ምግብ ሲበላ ከአንጀት የሚመነጭ፣ ጂ ኤል ፒ-1 የተባለ ሆርሞን ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ እንደሚያነሣሣ ደረሱበት፤ ችግሩ ሆርሞኑ በደም ውስጥ በሁለት ደቂቃ ያህል ጊዜ በኢንዛይም፣ ማለትም ንጥረ ነገሮችን በሚሰባብር ፕሮቲን፣ እየተቆራረጠ መጥፋቱ ነበር። በ1992 በኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኝ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዶክተር ጆን ኢንግ፣ ጊላ ሞንስተር ከሚባል መርዛም እንሽላሊት መርዝ ውስጥ ኤክሰንዲን-4 የተባለ፣ ከ39 አሚኖ አሲዶች የተገነባና የሰውን ጂ ኤል ፒ-1 የሚመስል፣ ግን በቶሎ የማይፈርስ ንጥረ ነገር ማግኘቱን አስታወቀ። እንሽላሊቱ የሚኖረው በደቡብ ምዕራብ አሜሪካና በሜክሲኮ ሰሜናዊ ምዕራብ ጠፍ መሬት ነው። ከዚያ በኋላ ንጥረ ነገሩ በፋብሪካ እየተሠራ፣ ኤክሰናታይድ በሚል ስም በሚያዝያ 2005 በአሜሪካ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ።

መድኃኒቱ ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንኳ አንዳንድ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ አንጎል አዙረው ነበር፤ ምክንያቱም ጂ ኤል ፒ-1 የሚያርፍባቸው ተቀባዮች ከቆሽት ሌላ በአንጎል ሕዋሳት ላይም ይገኛሉ። በ2002 ናይጀል ግሬግ የሚገኙበት በባልቲሞር የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ጥናት ተቋም ቡድን፣ ኤክሰንዲን-4 በቤተ ሙከራ የሚያድጉ የነርቭ ሕዋሳትን ከሞት እንደሚከላከል አሳየ። በ2008ና በ2009 የተለያዩ ቡድኖች ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳቶቻቸው በመርዝ በተጎዱባቸው አይጦች ላይ ሞክረውት ሕዋሳቱ እንደተረፉ ወይም እንዳገገሙ ዘገቡ። የቀረበው ማብራሪያ መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ የሚነሣውን ብግነት ይቀንሳል፣ ሕዋሱ ኃይል የሚያመነጭባቸውን ክፍሎች ያግዛል፣ የአንጎል ሕዋሳትም ለኢንሱሊን የሚሰጡትን ምላሽ ያሻሽላል የሚል ነበር። በዚህ ላይ ከ1997 ጀምሮ ሌዊ ያያቸው ጥርቅሞች በዋናነት አልፋ-ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን ክምችት መሆናቸው ታውቆ ስለነበር፣ መድኃኒቱ ያንን ክምችት ይገታ እንደሆነ የሚጠይቅ የምርምር መስክ ተከፈተ።

ዓለም በዚህ ጥያቄ ላይ ሳለ በኢትዮጵያ ይበልጥ መሠረታዊ የሆነ ሥራ እየተሠራ ነበር። እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአገሪቱ የነበሩት የነርቭ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ፣ ሁሉም በውጭ አገር የሠለጠኑ ነበሩ። በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ እንደ ዶክተር ጉታ ዘነበ ያሉ ቀደምት ባለሙያዎች በተሳተፉበት ጥረት የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ተጀመረ፤ ከ2009 ጀምሮም በአገር ውስጥ የሠለጠኑ ሐኪሞች መመረቅ ጀመሩ። ፓርኪንሰንን ለይቶ የሚያረጋግጥ ቀላል የደም ምርመራ በመደበኛ ሕክምና ውስጥ ስለሌለ፣ በሽታው የሚታወቀው በሠለጠነ ሐኪም ዓይንና እጅ ነው፤ ስለዚህ የዚህ ሥልጠና መከፈት ከማንኛውም መሣሪያ መገዛት የበለጠ ዋጋ ነበረው።

በሰዎች ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ውጤት በ2013 ወጣ። ፕሮፌሰር ቶም ፎልቲኒ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የመሩትና ከበሽታው ጋር የሚኖሩ ሰዎች ራሳቸው ባቋቋሙት በኪዩር ፓርኪንሰንስ ትረስት የተደገፈው ይህ ሙከራ 45 ሕሙማንን ያሳተፈ ሲሆን፣ ከእነዚህ ከፊሎቹ ለ12 ወራት ኤክሰናታይድ ሲወጉ ሌሎቹ የተለመደ ሕክምናቸውን ብቻ ቀጠሉ። የተወጉት በእንቅስቃሴያቸው መጠነኛ መሻሻል ሲያሳዩ ያልተወጉት ወደ ኋላ ተመለሱ። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ መድኃኒቱን እንደሚወስዱ ያውቁ ስለነበር የተስፋቸው ኃይል ራሱ ውጤቱን ሊያሳምረው ይችላል፤ በተለይ በፓርኪንሰን የተስፋ ስሜት በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ ይህ ሥጋት ቀላል አይደለም።

በ2017 በላንሴት መጽሔት የታተመው ሁለተኛው ሙከራ ይህንን ለማስወገድ ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። 62 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ በሳምንት አንድ ጊዜ ኤክሰናታይድ፣ ከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ መርፌ ለ48 ሳምንታት ተወጉ፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሐኪሙም ታካሚውም አያውቁም ነበር። ከዚያም መርፌው ለ12 ሳምንታት ከተቋረጠ በኋላ ተለኩ። ልኬቱ የሚካሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ ሕመምተኛው ከማታ ጀምሮ ሌቮዶፓውን ሳይወስድ ጠዋት ይመጣል፣ ከዚያም አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን በተቻለው ፍጥነትና ስፋት አሥር ጊዜ እንዲያገናኝ፣ መዳፉን እንዲገለባብጥ፣ እጁን ሳይደገፍ ከወንበር እንዲነሣ፣ ወዲያና ወዲህ እንዲራመድ ይጠየቃል፤ መርማሪው ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፣ የነጥቡ ድምር እስከ 132 ሊደርስ ይችላል፣ ከፍ ያለ ነጥብም የበሽታውን መክፋት ያሳያል። በ60ኛው ሳምንት በሁለቱ ቡድኖች መካከል የታየው ልዩነት 3.5 ነጥብ ሲሆን፣ ከመርፌው መቆም በኋላም መቆየቱ መድኃኒቱ ከማስታገስ ያለፈ ነገር ሠርቶ ይሆናል የሚለውን ተስፋ አጠናከረው።

በሕዝብ ደረጃ የተሰበሰቡ መዛግብትም ተስፋውን የሚደግፉ መሰሉ። በ2018 የእንግሊዝን የሆስፒታል መዛግብት የመረመረ ጥናት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ 32 በመቶ ያህል ከፍ ያለ መሆኑን አመለከተ። በ2020 ብሬን በተባለው መጽሔት የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከ100,000 በላይ የስኳር ሕሙማንን መዝገብ አገላብጦ፣ የጂ ኤል ፒ-1 ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱት ሌሎች የስኳር መድኃኒቶችን ከሚወስዱት ባነሰ መጠን በፓርኪንሰን እንደተያዙ ዘገበ። እንዲህ ያለው ጥናት ግን ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ያሳያል እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ውድ የሆነውን መድኃኒት የሚያገኙት ሰዎች በዕድሜ፣ በኑሮና በጤና ከሌሎቹ ሊለዩ ይችላሉና።

ፍርዱ የተሰጠው በ2024ና በ2025 ነው፤ አንድ ወጥ ፍርድ ግን አልነበረም። በ2024 መጀመሪያ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲሠራ የተሻሻለ የኤክሰናታይድ ዓይነት በ255 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በአጠቃላዩ ጥቅም እንዳላሳየ ታወቀ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ዋሲሊዮስ ማይስነርና ኦሊቪዬ ራስኮል የሚገኙበት የፈረንሳይ ቡድን በሽታቸው ገና ጀማሪ በሆነ 156 ሰዎች ላይ ሊክሲሰናታይድ የተባለውን ተመሳሳይ መድኃኒት ሞክሮ፣ ከ12 ወራት በኋላ ማስመሰያውን የወሰዱት በ3 ነጥብ ሲያሽቆለቁሉ መድኃኒቱን የወሰዱት ባሉበት እንደቆዩ አስታወቀ፤ ከወሰዱት 46 በመቶው ግን ማቅለሽለሽ አጋጥሟቸዋል። በየካቲት 2025 ፎልቲኒና ባልደረቦቻቸው በስድስት የብሪታንያ ሆስፒታሎች 194 ሕሙማንን ለ96 ሳምንታት የተከታተሉበትን፣ ከሁሉም ረጅሙን ሙከራ ውጤት በላንሴት አወጡ። በኤክሰናታይድ የታከሙት በ5.7 ነጥብ፣ ማስመሰያውን የወሰዱት በ4.5 ነጥብ አሽቆልቁለው ነበር፤ በሌላ አነጋገር መድኃኒቱ በሽታውን ለማዘግየቱ ማስረጃ አልተገኘም። ተስፋውን ለአሥር ዓመታት ያሳደገው ሰው ራሱ ተስፋውን የሚቃረነውን ውጤት ምንም ሳይሸፍን ማሳተሙ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ክብር የሚገባው ተግባር ነው። በኅዳር 2025 ደግሞ ኖቮ ኖርዲስክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ሴማግሉታይድ የተባለውን የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ማስታወስን በሚያጠፋው በአልዛይመር በሽታ ላይ የሞከረባቸው ሁለት ትልልቅ ጥናቶች የበሽታውን ግስጋሴ መግታት እንዳልቻሉ ገለጸ።

ውጤቶቹ ለምን እንደተለያዩ ተመራማሪዎች አሁንም ይመረምራሉ። አንጎል ከደም የሚመጣውን ሁሉ የማያስገባ መከላከያ ግርዶሽ ስላለው፣ ከቆዳ ሥር የተወጋው መድኃኒት ምን ያህሉ ከተጎዱት ሕዋሳት ዘንድ እንደሚደርስ አንዱ ጥያቄ ነው። ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ የፓርኪንሰን ምልክት በሚታይበት ሰዓት ከዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት ብዙዎቹ ሞተዋልና፣ በጅምር ላይ የሚሠራ መድኃኒት በዘገየ በሽታ ላይ ኃይል ሊያጣ ይችላል። ሦስተኛው ሁሉም ፓርኪንሰን አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በ2023 በዶክተር ሚኢ ሪዚግና በናይጄሪያዊቷ ፕሮፌሰር ንጂዴካ ኦኩባዴጆ የተመራ ቡድን በአፍሪካውያንና በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ጂ ቢ ኤ-1 በተባለው ዘረመል ላይ ለበሽታው የሚያጋልጥ፣ በአውሮፓውያን ላይ ያልታየ ለውጥ አግኝቷል። የመድኃኒት ሙከራዎች በአውሮፓና በአሜሪካ ብቻ ሲካሄዱ ውጤታቸው ለአዲስ አበባ ሕመምተኛ ምን ያህል እንደሚሠራ ማንም በእርግጠኝነት መናገር አይችልም።

በኢትዮጵያ በዚህ ዘመን የሕሙማኑን ድምፅ ካሰሙት መካከል በወይዘሮ ክብራ ከበደ መሥራችነት የተቋቋመው የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጃ ድርጅት ይገኛል፤ በሽታው እርግማን ወይም ተራ እርጅና አለመሆኑን ለሕዝብ ማስረዳትም ዋነኛ ተግባሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከፓርኪንሰን ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል፤ ኢትዮጵያውያን ዕድሜያቸው እየረዘመ ሲሄድ ከዚህ ቁጥር የሚደርሳቸው ድርሻም ማደጉ አይቀርም። ይኸው ድርጅት በመስከረም 2025 የጂ ኤል ፒ-1 መድኃኒቶችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው ከሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ጋር የልብና የደም ሥር ወይም የኩላሊት ሕመም እንዲሁም ከልክ ያለፈ ውፍረት ላለባቸው ሰዎች እንጂ ለፓርኪንሰን አይደለም። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታሎች የስኳር ሕክምና ዛሬም በዋናነት በሜትፎርሚን፣ በግሊቤንክላማይድና በኢንሱሊን ላይ የቆመ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ብይን ግልጽ ነው። የስኳር በሽታ መድኃኒት ለፓርኪንሰን ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ በጥንቃቄ የተነሣ፣ በጥንቃቄም የተፈተነ፣ እስከ አሁን ግን ያልተረጋገጠ ሐሳብ ነው፤ ስለዚህ ማንም የፓርኪንሰን ሕመምተኛ በዚህ ተስፋ ውድ መርፌ ሊገዛ፣ ይባስ ብሎም ሌቮዶፓውን ሊያቋርጥ አይገባም። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ስኳሩን መቆጣጠር ያለበት ዓይኑን፣ ኩላሊቱን፣ ልቡንና እግሩን ለማዳን ነው፤ ለዚህ የሚሆነው ማስረጃ ከበቂ በላይ ነው። የጤና ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎች ሊያደርጉት የሚገባው ሌቮዶፓ ከመድኃኒት ቤት እንዳይጠፋ ማድረግ፣ የነርቭ ሐኪሞችን ከአዲስ አበባ ውጭ ማዳረስ፣ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ አስቀድሞ በቡታጅራ የተደረገውን ቆጠራ በዛሬው ሕዝብ ላይ በስፋት መድገም፣ ኢትዮጵያውያን ሕሙማንም በቀጣዮቹ ሙከራዎች ውስጥ እንዲካተቱ መጠየቅ ነው። ቁጥራቸው የማይታወቅ ሕሙማን በጀት አይመደብላቸውም፤ በሙከራ ያልተካተተ ሕዝብም ሌሎች ላይ የተገኘውን ውጤት ተቀብሎ ከመኖር በቀር ምርጫ የለውም።